ጋሽ ወደታችና «ልዩ ልዩ» ውስጥ የተቀበረው ገጽ

ጋሽ ወደታች ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት፤ ደግሞም ያለ ምክንያት አላወጣችለትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከኮምፒውተሩ ፊት እየተሰየመ ለማያውቃቸው ሰዎች ያንኑ መልስ ሲጽፍ ኖሯል፦ «ወደ ታች ውረድ። አሁንም ውረድ። ገና ነው፣ ውረድ። ‹ልዩ ልዩ› የሚል ታገኛለህ፣ እሱን ክፈት። ከዚያ ‹ሌሎች› የሚለውን። እንደገና ወደ ታች ውረድ።» ይህን ከመጻፉ ብዛት «ወ» የምትጻፍበት ቁልፍ መላጣ ሆናለች። ጸጉር አስተካካዩ «የሰፈራችን ሊፍት እንኳ የእሱን ያህል አልወረደም» ይላል። ሊፍት ያለው ሕንፃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቆመ ዓመታት አልፈውታል።

ጋሽ ወደታች በደጉ ጊዜ የአውቶብስ ድርጅት የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ ቆሟል። ከሚሊዮን ብሎኖች መካከል (ሚስቱ «አራት መቶ ቢሆኑ ነው» ትላለች) የተፈለገውን ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳ ነበር። መካኒኩ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ «ጋሼ፣ የበር ማጠፊያ!» ይላል። ማጠፊያው ግን ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የልጆቹ ጤና፣ ከዚያ ስለ አለቃው አንድ ሐሜት፣ ማጠፊያው በመጨረሻ። አውቶብሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪው ይራገማል፤ መስኮቷ ጋ ግን ሳቅ ነው። ጡረታ ሲወጣ የቆጨው ደመወዙ አልነበረም። መስኮቷ ናት የቆጨችው።

ሁለተኛዋን መስኮት ያገኘው በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ስምንት ሰዎች ተሰብስበው ለትናንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን ፕሮግራም ሊሠሩ ተነሱ፤ ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ፣ ማን እንዳልመለሰ የሚመዘግብ። ስሙንም «መደርደሪያ» አሉት። ክፍት ምንጭ ነው ተባለ፤ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፣ የገባው ያርመዋል፣ ያልገባው ይጠይቃል። ጋሽ ወደታች ከኮድ ጋር ትውውቅ አልነበረውም። የእጅ ጽሑፉ ግን እንደ ማተሚያ ቤት ስለነበር ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉት።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። አጀንዳው የአንባቢ ምዝገባ፣ ማዋስ፣ መመለስ፣ የዘገየ መጽሐፍ፣ የተቀደደ መጽሐፍ፣ የጠፋ መጽሐፍ እያለ ሄዶ «ልዩ ልዩ» ላይ ያበቃል። ሁሉም ኮቱን ለብሶ በሩ ጋ ሲደርስ አንዱ ዞር አለና «ለመሆኑ ሰው ይሄን እንዴት አድርጎ ነው የሚተክለው?» አለ። ፕሮግራም ብቻውን የተኛ ነገር ነው፤ ሰርቨር በሚሉት፣ ሌት ተቀን በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ሰው በየስልኩ ሲደርስበት ነው ነፍስ የሚዘራው። በቁማቸው ሰባት ደቂቃ ተወያዩበት፤ ሦስት መትከያዎች፣ ማለትም ፕሮግራሙን አስቀምጠው የሚያስነሱ ጥቅሎች፣ እንዲዘጋጁም ተስማሙ፦ አንዱ ለአንድ ኮምፒውተር፣ አንዱ ለኪራይ ሰርቨር፣ አንዱ ብዙ ቅርንጫፍ ላላቸው። ቃለ ጉባኤ ያዣችንም «ልዩ ልዩ» ሥር፣ «ሌሎች» ብሎ መዘገበው። መመሪያውን ጻፍ ሲባል ደግሞ ቃለ ጉባኤውን እንዳለ፣ በነበረው ተራ ገለበጠ። ስምንት ሰው የፈረመበትን ተራ ማን ያፈርሳል? የግምጃ ቤት ሰው ነው፤ ፊርማ ያለበት ወረቀት ለእሱ ተራራ ማለት ነው።

ሦስቱ መትከያዎች ተሠሩ፣ አማሩም። ለአዲስ መጤው ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነበት። የፕሮግራሙን ገጽ ይከፍታል፤ የተቀደደ መጽሐፍ ቅጣት እንዴት እንደሚሰላ በሦስት ገጽ ተብራርቶ ያገኛል፤ ፕሮግራሙን ከየት አንስቶ የት እንደሚያቆም ግን የሚነግረው የለም። ስለዚህ የጥያቄ መድረኩ ላይ ገብቶ ይጠይቃል። ጋሽ ወደታችም እዚያው ይጠብቀዋል።

እንዴት ያለ ዘመን ነበር! ነርሷ ለሆስፒታሏ ሕሙማን መጻሕፍት ብላ ጠይቃ፣ በዚያው ለጉልበቱ ሕመም መድኃኒት አዛለት። የማረሚያ ቤቱ መምህር ኢንተርኔት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚፈቀድለት ፕሮግራሙን ለመትከል ስምንት ሳምንት ፈጀበት፤ በስምንተኛው ሳምንት ሁለቱም ለመሰነባበት አልቻሉም። አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ በየዓመቱ እየረሳ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ጋሽ ወደታች «ዘንድሮ ዘገየ፣ ደህና ይሆን?» ብሎ እስከ መጨነቅ ደርሶ ነበር። ሁሉንም በሰማያዊ ደብተሩ ይመዘግባል፦ ማን እንደጠየቀ፣ ከየትኛው ቤተ መጻሕፍት፣ በምን ቃል።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ አፏ ፈጣን እጇም ፈጣን የሆነች ወጣት ፕሮግራመር፣ ሦስት ጊዜ ደውላለት ነበር።

«ጋሼ፣ የመትከያዎቹን ገጽ ወደ ፊት እናምጣው እንጂ። አዲስ ሰው አያገኘውም።»

«ይጠይቅና ያገኘዋላ! ሰው መጠየቁ ምን ከፋ?»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

«ልጄ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?»

ሦስት ጊዜም ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። እሷ አክብራው ተወችው፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚያውቀውን ያውቃል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ በየመደርደሪያው ላይ ቁጥር የተለጠፈ ጊዜ መካኒኮቹ እየገቡ ራሳቸው ማንሳት ጀመሩ፤ መስኮቷም ጭር አለች። ገጹ ፊት ከወጣ ይቺኛዋም መስኮት ትዘጋለች።

ባለፈው ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋረደውና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙም «ዘጠኝ ቀን ስክሪን የሚባል ነገር እንዳታይ» ብሎ አስጠነቀቀው። ስምንቱን ቀን አልጋው ላይ ተገላበጠ። በዘጠነኛው ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ ምን እንደጻፉልኝ አንብቢልኝ።»

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«እንዳታይ አለኝ እንጂ እንዳትሰማ አላለኝም።»

ሚስቱ የሰፋችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ነክሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«አርባ አንድ ሰው ጠይቆሃል።»

ልቡ ቅቤ ጠጣ። «አርባ አንድ! አየሽ? ያለ እኔ እኮ አይሆንላቸውም።»

«ቆይ እንጂ። ሠላሳ ስምንቱ ሄደዋል።»

«የት ሄዱ?»

«እኔ ምን አውቄ? የሄደ ሰው አድራሻ ይተዋል? አንዱ ‹ተውኩት› ይላል። አንዷ ‹እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?› ትላለች። አንዱ ስድብ ጽፏል፤ እሱን አላነብልህም፤ ግን አጻጻፉ ያምራል።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ይቺን ስማ። ‹የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። መትከያውን አራት ቀን ፈለግሁት። ለተማሪዎቼ ሰኞ ይደርስላችኋል ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያገኘው ይመስለኛል፤ የእኔ ጭንቅላት ለዚህ ነገር አልተሠራም ማለት ነው። ስላስቸገርኩ ይቅርታ።›»

ጋሽ ወደታች የታሸገ ዓይኑን በጣቱ ዳበሰ።

«የተሳዳቢውን አንብቢልኝ» አለ በመጨረሻ። «እሱ ይሻለኛል።»

ሚስቱ ግን አላነበበችም። «ቆይ እስቲ፣ እኔ ራሴ ልፈልገው» አለችና ወረደች። ማዋስን አለፈች፣ መመለስን አለፈች፣ የተቀደደውን አለፈች። በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ሴት፣ ዓይኗን እያጠበበች ወረደች። ገጹ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ከታች ስትደርስ ክረምቱ የወጣ መሰላት። «ልዩ ልዩ»ን አይታ አለፈችው፤ ተመለሰች፤ ከፈተችው፤ ጠፋባት።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ነገር መጀመሪያ የሚያስፈልግ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ማን አስቀመጠው?»

«ቃለ ጉባኤው ነዋ።»

«ቃለ ጉባኤውን ማን ያዘው?»

ጋሽ ወደታች ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

«የቀሚሱን አንገት ከጠርዙ ግርጌ ሰፍቼ ‹ጭንቅላትሽን በዚህ አስገቢ፣ ካቃተሽ እኔን ጠይቂኝ› ብላት ደንበኛዬ ምን ትለኛለች?»

«ገጹ ፊት ከወጣ ማን ያናግረኛል?» አለ እሱ፣ ድንገት፣ እንደ ልጅ።

«እኔ አላናግርህም?»

«አንቺ አፍሽ ውስጥ መርፌ አለ።»

ሳቀች፤ ግን አልራራችለትም። «አንተ እንድትጫወት ብለህ ሠላሳ ስምንት ሰው በር ላይ አቁመሃል። ይቺ ሴትዮ ደግሞ ደደብ ነኝ ብላ ሄዳለች። እሷን ምን ትላታለህ?»

በማግሥቱ ማሸጊያው ሲነሳለት መጀመሪያ ያደረገው ለአስተባባሪዋ መደወል ነበር።

«ልጄ፣ ገጹን እናውጣው።»

«የቱን ገጽ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ማደንዘዣው ገና አለቀቀዎትም እንዴ?»

ሦስት ሳምንት ሠሩ። ወጣቶቹ ገጹን «ዲፕሎይመንት» ብለው ከላይ ሰቅለው መገላገል ፈለጉ። ጋሽ ወደታች ሰማያዊ ደብተሩን ገለጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል የተጠቀሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ፕሮግራመሮች። ሌላው «መጫን» ብሏል፣ «ማስነሳት» ብሏል፣ «ኦንላይን ማውጣት» ብሏል፣ ባቡር ነጂው ደግሞ በየዓመቱ «ከጣቢያ ማስወጣት» ይላል። ጋሽ ወደታች ቃላቱን አንድ በአንድ አነበበ፣ አስተባባሪዋ አንድ በአንድ አስገባች፤ ሰው በየትኛውም ቃል ቢፈልግ ፍለጋው እዚያው ገጽ ላይ እንዲያደርሰው። በየመስመሩ ግን ይቆማል። «ይቺ ነርሷ ናት» ይላል። «ይሄ ደግሞ መምህሩ፣ በአምስተኛው ሳምንት።» ወጣቷ ሰዓቷን ሰርቃ ታያለች እንጂ አታቋርጠውም። አንድ ቦታ ላይ ሆዱ ባባና ደብተሩን ከደነው፤ እሷም ሻይ ልታመጣ ተነሳች።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አኖሩ፦ «ፕሮግራሙን የት ልታቆሙት ነው?» ሥሩ ሦስት መልስ፣ እያንዳንዱ መልስ ወደ አንድ መትከያ። ፈታኟ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «መጠየቅ ክልክል ነው» ተባለች። እሷም የሻዩ ስኳር ሳይሟሟ አገኘችው፤ ጋሽ ወደታች በኩራትና በሐዘን መካከል የሆነ ፊት አሳየ።

ለትምህርት ቤቷ ሴት ራሱ ጻፈላት። ለአሥራ አንድ ዓመት ሁሉንም አንተና አንቺ ሲል የኖረ ሰው፣ እሷን አንቱ አላት። «የእርስዎ ጭንቅላት ምንም አልጎደለውም። ገጹን ያለ ቦታው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ከፊት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ጸጥታ መጣ። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀ የለም። በሁለተኛው የለም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራው፤ ምንም አልሆነም። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እኛ የሰፈሩ ሰዎች ወደምንሰበሰብበት ካፌ መጣ። በዚያ ሰዓት አይተነው ስለማናውቅ ሁላችንም ሰው የሞተ መስሎን ተነሳን። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለና «ልሂድ፣ ድንገት ቢጠይቁኝ» ብሎ ተመለሰ። የሚጠይቀው አልነበረም። ፕሮግራሙን የተከሉ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ግን በየቀኑ ይረዝማል። እያንዳንዱን ስም ያነባል፤ አንዱንም አያውቅም። ድሮ እያንዳንዱ መስመር የሰው ድምፅ ነበረው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ መልእክት መጣ፤ የትምህርት ቤቷ ሴት ናት።

«ተተክሏል። ከመጀመሪያው የዕረፍት ደወል በፊት ጀምሬ ሳይደወል ጨረስኩ። ማንንም አልጠየቅሁም!»

ሦስት ጊዜ አነበበው። «ማንንም አልጠየቅሁም» የሚለው ላይ ሲደርስ በየጊዜው አንድ ነገር ደረቱን ወጋ አደረገው፣ ወዲያውም ያው ነገር አሞቀው። መልስ ጀመረ። ስለ አሥራ አንዱ ዓመት፣ ስለ ጠያቂዎቹ፣ ስለ ሁሉም፤ ሁለት ገጽ ሞላ። ከዚያ ቀና ብሎ አሰበ፦ ሴትዮዋ ሥራ ላይ ናት፣ ተማሪዎች ተሰልፈውባታል። ሁለቱን ገጽ ሰረዘና «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ላከ።

ኮምፒውተሩን ዘጋ።

«ምሳ እንብላ» አለ።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰዓቱን አየች። «ገና አምስት ሰዓት ተኩል እኮ ነው።»

«ታዲያ ማን ይጠብቀኛል?»

ቀና ብላ አየችው። ጨርቁን አጣጠፈች፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ምሳው ገና አልበሰለም። እሱም የሰረዘውን ሁለት ገጽ በቃሉ ያወራላት ጀመር፤ ከመጀመሪያው ጠያቂ፣ እየረዘመ፣ እየተጋነነ፣ አንዳንዱን እየቀላቀለ። እስትንፋስ ሊወስድ ባቆመ ቁጥር እሷ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣

«ከዚያስ?» ትለዋለች።