ፈታሹ ባሌና የሲንጋፖሩ ሻንጣ

ባሌ ዘካሪያስ ሰው አያምንም። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሟቹ ዘጠና ዓመታቸው ነበር ሲሉት “ማን ቆጠረላቸው?” የሚል ሰው ነው። ጸሎት ላይ ሁላችንም ስንጨፍን እሱ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ጃንጥላውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ብቆጣው “ትጉና ጸልዩ ነው የተባለው፤ መጀመሪያ ትጉ ነው” ብሎ እኔኑ ገሠጸኝ።

ሰዎች ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው ይላሉ። ውሸት! ሥራውማ ጠባዩን ፈልጎ ነው የመጣው። በከተማችን ላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ ሁለቱ ሐይቆች ዓባያና ጫሞ ወለል ብለው ከሚታዩበት አፋፍ ላይ ካለ አንድ ሎጅ በር ላይ ፈታሽ ሆኖ ሲሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲገባ የእንግዳ ሻንጣ፣ ሲወጣ የሠራተኛ ቦርሳ ይፈትሻል። ከዚያ ቤት ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከልቡ ሰላም የሚለው ሠራተኛም የለም።

እኔ ማሚቱ ነኝ። ሲቀላ ገበያ ሙዝና ማንጎ አከፋፍላለሁ። ሙዙ ከኩልፎ ወንዝ ዳር በጋሪ ይመጣልኛል፣ ማንጎው ከምዕራብ ዓባያ። ዛፍ ላይ የበሰለውንና በግድ የበሰለውን ሳልነካ በጠረኑ ብቻ እለያለሁ። በዚህ አፍንጫዬ ስኮራ ኖሬያለሁ። የኋላ ኋላ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ያ ቬፕ የሚሉት ነገር መጀመሪያ በባሌ በር ሲያልፍ ባሌ ፍላሽ መስሎት ነበር። በኋላ ነው ከከተማው የጤና ቁጥጥር ኦሊያድ የሚባል ወጣት መጥቶ የየሆቴሉን ጥበቃዎች ሰብስቦ ፎቶ ያሳያቸው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው፣ በእኛም አገር ሕግ ክልክል ነው አላቸው። ዘካሪያስ የዚያን ቀን ቤት ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር፤ አዲስ የሚጠረጥረው ነገር አገኘ እኮ! ከዚያ ወዲህ ከእንግዶች ጋር ሲሟገት ይውላል። “ይሄ ሲጋራ አይደለም፣ እንፋሎት ነው” ይሉታል። “እንፋሎት ከሆነ ድንች ቀቅልበት” ይላል በአማርኛ። አስተርጓሚ ሆኖ መሐል የሚገባው ኤፍሬም ነው፣ የባሌ የሟች እህቱ ልጅ። ኤፍሬም አስጎብኚ ነው፤ እንግዶቹን አዞ ለማሳየት ጫሞ ላይ በጀልባ ይወስዳል። ድንቹን ትቶ ሌላ ነገር ይተረጉምላቸዋል።

የሚገርመው ደግሞ የሚተውት ነው። ከእኛ ጋ ወጥተው ወደ ሲንጋፖር ወይ ወደ ታይላንድ የሚያልፉ እንግዶች አሉ። እዚያ ቬፕ ይዞ መግባት ከባድ ነገር ነው፣ ኤርፖርት ላይ ጉድ ያፈላል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ክፍላቸው መሳቢያ ውስጥ ጥለውት ውልቅ ይላሉ። የሰው አገር ሕግ ሲጠብቅ የእኛ መሳቢያ ሞላ ማለት ነው። የጽዳት ልጆች እየለቀሙ የተረሱ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ ይከቱታል፣ ኦሊያድ በየጊዜው መጥቶ ይወስደዋል። በዚህ መሐል አንዱ ቢጎድል ግን ማን ያውቃል? ዘካሪያስ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሲወጡ የጽዳት ልጆቹን ሻሽ ሳይቀር ያስፈታ ጀመር።

ልጃችን እድላዊት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ተምራ በጥሩ ውጤት ነው የወጣችው። ሲንጋፖር ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትማር ነጻ ዕድል አገኘች። ቪዛው እስኪመጣ ቤት ከምትውል ብሎ አባቷ ሎጁ ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ሥራ አስገባት። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፤ ይዛችሁ እንዳትመጡ የሚል ዝርዝር ነበረበት። ዘካሪያስ ሦስት ጊዜ በአማርኛ እያስመለሰ አስነበባት። ቬፕ ጋ ሲደርሱ ቅጣቱን፣ ለውጭ ተማሪ ደግሞ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ እንደሚችል ሰማ። መነጽሩን አወለቀና “ያን ነገር በዚህ ቤት ሰው እጅ ባየው ጉዞ የለም፣ ፓስፖርቱንም እኔ ነኝ የምይዘው። እዚሁ ሙዝ ትሸጫለሽ” አላት።

ሙዝ ትሸጫለሽ! ምን ሸጬ ነው ያስተማርኳት? እንደዚያ ሲል ልቤ ቆሰለ። ግን የተናገረውን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ሐምሌ እንደገባ፣ ማንጎ ከገበያ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ቤት ስመለስ ልጄ ክፍል በር ላይ ማንጎ ሸተተኝ። ማንጎ እንኳ አይደለም፤ ማንጎ ሙጫ አለው፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ነገር አለው። ይሄ ማንጎን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው የሠራው ከረሜላ ነገር ነው። ስገባ እድላዊት መስኮቱን ከፍታ በደብተር ታራግባለች። “ሽቶ ነው እማዬ” አለች። “ጥሩ ሽቶ ነው” አልኳት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሸተኛል። አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷን አነሳለሁ፣ ኮቷን ስሰቅል ኪሱን እዳብሳለሁ። ምንም አላገኘሁም፤ ማግኘትም አልፈለግኩም። ካገኘሁማ ልናገር ነው፣ ከተናገርኩ ጉዞው ቀረ።

ጉዞው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ዕቃ ይመጣ ጀመር። በእኛ አገር ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ የሰፈሩ አደራ ሁሉ በሱ ሻንጣ ነው የሚሄደው። ጎረቤታችን ሻሺቱ እዚያው ሲንጋፖር ላለው ልጇ ለሚካኤል ዳጣ፣ ያን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ አዘጋጅታ፣ ዕቃውን በአቡጀዴ ጠቅልላ ዙሪያውን በመርፌ ሰፍታ አመጣች። የሰው አደራ ስፌት መፍታት ሌባ ነህ ብሎ እንደመስደብ ነው። ዘካሪያስ እዚያው ዓይኗ እያየ በምላጭ ተረተረው! ዳጣውን በማንኪያ ቆፈረው፣ ምንም የለም። ሻሺቱ እስከ ዛሬ ሰላም ስትለኝ በግማሽ አፏ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኤፍሬም ያመጣው ጋቢ ነው፤ ዶርዜ ሄዶ ራሱ መርጦ የገዛላት። ባሌ እሱን ከሁሉ አብልጦ ይጠረጥረዋል። ከፈረንጅ ጋር ይውላል፣ ጆሮው ላይ ቀለበት አለ፣ ይስቃል። ጋቢውን የዚያን ዕለት አገላብጦ አየው፣ ምንም አላገኘም። እድላዊት አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ግን ልቡ አላርፍ ብሎት ሻንጣውን እንደገና ከፈተ። ጋቢውን ሲያራግፈው አንድ የጣት ያህል ነገር ዱብ አለ። ቢጫ ነው። ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

ኤፍሬምን በስልክ ጠራው። መጣ። ዘካሪያስ ዕቃውን በመሐረብ ይዞ “ልጄን በሰው አገር ልታሳስራት ነው?” አለው። ኤፍሬም ዕቃውን አየ። ቀና ብሎ እድላዊትን አየ። እሷ አመድ መሰለች። ምንም አላለም ልጁ፤ አንድ ቃል እንኳ። “ትናንት ሲያዩት ባዶ አልነበረም ወይ?” ቢል ያበቃ ነበር። ባሌ ከቤቴ ውጣ አለው። በዚያም አላቆመም፣ ሎጁ ሄዶ ተናገረና ኤፍሬም እንግዳ ይዞ በዚያ በር እንዳይገባ አስከለከለው። እኔስ? እኔ ድስት አማስል ነበር። እናት የሌለው ልጅ በልጄ ጥፋት ከቤቴ ሲባረር ወጡ እንዳያርብኝ አማስል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልንሸኛት ሁለት ቀን ሲቀር የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታምሩ ሊመርቋት ከገረሴ ወረዱ። ምሳ በልተው እጃቸውን እንደታጠቡ “ኤፍሬም የታለ?” አሉ። ተጣልተናል አለ ባሌ። “እንግዲያው ምርቃቴን ይዤ እመለሳለሁ። ቂም ካለበት ቤት የወጣ ሰው መንገዱ አይቀናም። ጥሩት።”

በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ነውር ሠርተህ ከደበቅከው፣ በአንተ ባይሆን በልጅህ፣ በከብትህ ወይ በማሳህ ይወጣል። መድኃኒቱ አፍ አውጥቶ መናገር ብቻ ነው። እኛ ጴንጤዎች ይህን ትተናል እንላለን። እንላለን እንጂ፣ ጋሼ ታምሩ ከአጥሩ ሥር የእርቁን እርጥብ ሳር ነጭተው በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ሁላችንም ሳንጠራ ዙሪያቸውን ተሰበሰብን።

ኤፍሬም ተጠርቶ መጣ፤ መጀመሪያ ዘካሪያስ ተናገረ። ከዚያ የኤፍሬም ተራ ደረሰ። “እኔ የምለው የለኝም። አጎቴን ካስቀየምኩት ይቅር ይበለኝ” አለ።

“ይሄ እርቅ አይደለም፣ መሸፋፈን ነው” አሉ ጋሼ ታምሩ። “ከነገ ወዲያ ይህች ልጅ ሰማይ ላይ ናት። የተደበቀ ካለ አሁን ይውጣ።”

እድላዊት እኔን አየችኝ። እኔ የበረንዳውን ሲሚንቶ አየሁ።

“የኔ ነው አባዬ” አለች።

ዘካሪያስ አልጮኸም። ልክ በር ላይ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቃት። “ከየት አመጣሽው?”

“ከተረሱ ዕቃዎች ሳጥን። ወደ ሲንጋፖር የሚያልፍ እንግዳ ትቶት የሄደው ነው። መጀመሪያ ለማየት ብዬ ነበር። በአንተ በር ነው ይዤው የወጣሁት፣ አንተ የሌላውን ሰው ቦርሳ ስትፈትሽ።”

“እዚያ እንደሚያሳስር እያወቅሽ ሻንጣ ውስጥ ምን ይሠራል?”

“አዲስ አበባ ስደርስ እጥለዋለሁ ብዬ። እስከ አዲስ አበባ ብቻ። መተው አቃተኝ አባዬ፣ ሞክሬ አቃተኝ።” ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ዘካሪያስ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው፣ እኔ ፀሐይ ላይ የተቀመጥኩት፣ ሁሉም አለቀ። ሲመለስ ፓስፖርቱን ይዞ ነበር። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

“በር ላይ የተያዘ ሰውና ራሱ አውጥቶ የሰጠ ሰው አንድ አይደሉም” አለ። “ሂጂ። ሻንጣሽን ራስሽ እሰሪው፣ እኔ አልነካውም።” ሳሩን ከወንድሙ እጅ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ለኤፍሬም ሰጠው። ያ ሰው አጎንብሶ አይቼው አላውቅም። “ነገ ጠዋት አብረን ሎጁ እንሄዳለን፣ ያስከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ” አለው። ኤፍሬም የአጎቱን ትከሻ ሳመ። እኔም አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

“ሌላ የቀረ አለ?” አሉ ጋሼ ታምሩ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠረጠረኝም። ግን ያ ሕግ ለኔም የሚሠራ መሰለኝ፤ አውጥቶ የሰጠ ይማራል አይደል? “እኔም አውቅ ነበር” አልኩ።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለ ዘካሪያስ።

“ከሐምሌ መግቢያ። ሸቶኝ ነበር። ልጅቷ ጉዞው እንዳይቀርባት ብዬ ነው።”

“ኤፍሬምን ሳስወጣው?”

“ያን ጊዜም አውቅ ነበር።”

ቢቆጣ እመልስለት ነበር፤ መልስ አላጣም እኔ። አልተቆጣም። “ማሚቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከተማውን ስጠረጥር የኖርኩት አንቺን አምኜ ነው” አለ። ጋሼ ታምሩ ሳሩን ከኤፍሬም መልሰው ተቀብለው ጭንቅላታችን ላይ እያስነኩ ሁላችንንም መረቁ።

እድላዊት ሄደች። ሲንጋፖር እንደደረሰች የድምፅ መልእክት ላከች፤ ኤርፖርቱ ላይ ማስጠንቀቂያው ተለጥፎ አየሁ፣ በባዶ እጄ አለፍኩ፣ ያን ነገር ከተውኩት ወዲህ ግን ራሴን እያመመኝ ነው አለች። አሁን ተሽሏታል፣ ትላለች እንግዲህ። ኤፍሬምም እንደ ድሮው እንግዳ ይዞ በሎጁ በር ይገባል፣ እሑድ እሑድ እኛ ጋ ይበላል። ዘካሪያስ ጠባዩ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። ከገበያ ስመለስ “ዛሬ እንዴት ነበር?” ይለኛል። እነግረዋለሁ። ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላም ትንሽ ያየኛል፣ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል።

ትናንት ስገባ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ፣ አፍንጫው ሥር፣ ወለል አድርጌ ከፍቼ አስቀመጥኩለት። ፈትሾ እንዲያሳልፈኝ እንደፈለግኩ ገብቶታል። ውስጡን ሳያይ ዚፑን ዘጋው፣ አንስቶም ምስማሩ ላይ ሰቀለልኝ። ምነው በፈተሸኝ።