ዘምቢል የሚሰለፍበት መናኸሪያ

የከሚሴ መናኸሪያ ዛሬ አጥር አለው፣ በር አለው፣ በሩ ላይም መንገደኛ የሚሻሙ ባጃጆች ቆመውበታል። እኔ በልጅነቴ የማውቀው መናኸሪያ ግን ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር የቆመ አንድ ትልቅ ግራር ብቻ ነበር። ግራሩ ሥር መኪና ካለ መናኸሪያ ነው፤ ከሌለ ፍየሎች ይተኙበታል። ኋላ የቆርቆሮ አጥር ታጠረለት፤ ሻይ ቤቶች ተሠሩ፤ መንገደኛው ሁሉ ከመስጊዱ ቧንቧ ፊቱን እየታጠበ ይሳፈር ጀመር። በገበያ ቀን ማንጎና ሙዝ ሻጮች በሩን ስለሚዘጉት ሹፌሮቹ ለመውጣት መጀመሪያ ይለምናሉ፣ ቀጥሎ ይሳደባሉ፣ በመጨረሻ ሙዝ ገዝተው ይወጣሉ።

ሙቀታችንን የማያውቅ ሰው የሰልፋችን ነገር አይገባውም። ከሚሴ ላይ ረፋዱ ካለፈ ፀሐይ ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የለም። የሚሰለፈው ዕቃ ነው። ዘምቢሉ፣ ጀሪካኑ፣ ጫማው፣ ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ድንጋዩ በመስመር ይደረደራል፤ ባለቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ወሬውን ያወራል። የአንዱን ዕቃ ሌላው አይነካውም። አማና ነው፣ አደራ ማለት ነው፤ አማና ደግሞ እኛ ዘንድ ከመሐላ ይከብዳል። ተራ አስከባሪው ሼህዬ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በዱላቸው ጫፍ ዕቃውን እየነኩ ይቆጥራሉ እንጂ ሰዉን ዞር ብለውም አያዩት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደሴ ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጬ ነበር። ወባ አልጋ ላይ ጥላኝ ስለሰነበተች የሄድኩት በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። ያን ቀን ካልደረስኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔን ለመዳር ደግሞ ወባዬ እስኪለቀኝ ብቻ የሚጠብቁ አጎቶች ነበሩኝ። እናቴ ስትሸኘኝ «ወረቀቶችሽን ከደረትሽ እንዳታወጫቸው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ላቤ የምስክር ወረቀቴን ማህተም ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁና ዘምቢሌ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ከተትኳቸው። ዘምቢሌን የደሴው ሰልፍ ላይ አስቀምጬ ጥላ ፍለጋ ሄድኩ። ጎን ለጎን ወደ ሰንበቴ ከተማ የሚሄዱ ሰዎች ሰልፍ ነበር፤ ዕለቱም የሰንበቴ ገበያ ነው።

የሰንበቴው ሚኒባስ ሲመጣ ግርግር ሆነ፤ የሁለቱ ሰልፍ ዕቃ እየተገፋ ተደባለቀ። ግርግሩ ሲበርድ ነጠላዬን ላወጣ ዘምቢሉ ውስጥ እጄን ብሰድ ቅል ነካሁ። ቅቤ ነው። የእኛ አገር ዘምቢል ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ የእኔው ሰንበቴ ሄዷል።

ጮኽኩ። «ሌባ!» አልኩ። «ሕይወቴን ይዛብኝ ሄደች!» አልኩ። ቅቤውን ትቶ ወረቀት የሚሰርቅ ሌባ የት አገር እንዳለ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ቁጣዬ ድሮም ቅርብ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ እጇ ይሰበር፣ ዓይኗ ይጥፋ እያልኩ ረገምኳት። ሼህዬ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

«ኢንታላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አፍሽን ያዢ። ተሳስታ ነው። አማና መንገድ አይጠፋውም።»

ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም። ወደ ሰንበቴ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቁመው ለሹፌሩ መልእክት ሰጡት።

የደሴው አውቶብስ መጥቶ ሞላ። የሚገርመው የሴትዮዋ ቅቤ ተራዬን ይዞልኝ ነበር። ሼህዬ በዱላቸው ነክተውት አንድ ወንበር አስያዙልኝ፤ ከዚያም አውቶብሱ ውስጥ ገብተው «አማና መንገድ ላይ ነው፤ ትንሽ ጠብቁልን» አሉ። ሹፌሩ አጉረመረመ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። ግን «እሷ ትቅርና እንሂድ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። የቆመ አውቶብስ ውስጥ የከሚሴን ቀትር የቀመሰ ሰው ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ ያውቀዋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን እያየሁ አለቅስ ነበር።

ከሰንበቴ አቅጣጫ በጨፋ ሮቢት በኩል ማሽላ የጫነ መኪና መጣ። ከማሽላው ላይ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን ሴት ዘምቢሌን አቅፋ ወረደች። የሼህዬ መልእክት አልደረሳትም፤ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሙቀቱ ቅቤዋን አቅልጦት እንደሆነ ልታይ ጨፋ ሮቢት ላይ ዘምቢሉን ብትከፍት ወረቀት ሆነባት፤ ወዲያው ከሚኒባሱ ወርዳ ተመለሰች።

«ማንበብስ አልችልም፣» አለችኝ እያለከለከች፤ «ማህተምና ፎቶ ግን አውቃለሁ።»

«ገበያሽ አለፈ እኮ፣» አልኳት።

«ገበያው ለሳምንት ይመለሳል። ይሄስ ይመለሳል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስረግማት የሰማው ሰው ሁሉ በመስኮት ያየኛል። «እህቴ፣ ሌባ ብዬሻለሁ። ረግሜሻለሁም። አፉ በይኝ፣» አልኳት። እኛ ዘንድ አንዴ አፉ ከተባለ በደሉ አለቀ፤ ማንም መልሶ አያነሳውም።

ትኩር ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት። «እኔስ ብትይ ወላሂ፣ ማሽላው ላይ ተቀምጬ ከጨፋ ሮቢት እስከዚህ ስረግምሽ ነው የመጣሁ! ይቺ ደንቆሮ ምን ሆና ነው ወረቀቷን ዘምቢል ውስጥ የምትከት እያልኩ። አንቺም አፉ በይኝ።»

«አፉ!» አልኳት።

«አፉ!» አለችኝና ቅቤዋን አንስታ ሄደች። አውቶብሱ ሙሉ ሳቀ፤ ያ ሲያጉረመርም የነበረው ሹፌር እንኳ ሳቀ።

ደሴ ስደርስ መዝጋቢው መዝገቡን ሊዘጋ ነበር፤ የመጨረሻዋ ሆኜ ተመዘገብኩ። አጎቶቼም ተስፋ ቆረጡ። ያን ቀን ለጠበቁኝ ሰዎች፣ ለሼህዬ፣ ከሁሉም በላይ ለዚያች ሴት ያለኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አልቀነሰም። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ጠዋት ጠዋት የስንቱን ልጅ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ፤ የሷን ግን ሳልጠይቃት ነው የሄድኩት።