የሐጂ ደጅ ዛፍ ስንት ያወጣል?

ሸሕዲ ከተማ በደን ባለሙያነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ማሽላ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከዋናው መንገድ ዳር የነበረውን ትልቁን የድሬዳዋ ዛፍ ገጨው። ግንዱ ከመሐል ተሰንጥቆ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ተጋደመ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። እኔ ስደርስ ፍየሎች ተሻምተው ቀዩን አበባ ይበሉ ነበር።

ዛፉ የአንድ አዛውንት ነጋዴ ነው። ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ከድንበር ማዶ ከገዳሪፍ ሲመለሱ ፍሬውን በኪሳቸው ይዘው መጥተው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ቀበሩት። ያኔ ለጌጥ ነበር የተከሉት። እያደር ግን ጥላው ከመንገዱ ማዶ ደረሰና ከጎጃምና ከወሎ ለምንጣሮ፣ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ቀጣሪ እስኪመጣ የሚያርፉበት ሆነ። ስንቃቸውን ቅርንጫፉ ላይ ሰቅለው፣ ራሳቸውን ሥሩ ላይ አስደግፈው ይተኙ ነበር።

የመኪናው ባለቤት የአብደራፊ ሰው ነው። በማግስቱ ስልክ ደውሎ፣ "ዛፉን መተካት ስንት እንደሚያስወጣ አስገምቱና እከፍላለሁ" አለ። ሽማግሌዎች ለእሑድ ቀጠሩ። አለቃዬ ግምቱን እንድሠራ እኔን ላከኝ።

ሜትር ይዤ ሄድኩ። ግንዱን ለካሁ፣ ቅርንጫፉን ቆጠርኩ፣ ስንት ሸክም ማገዶ፣ ስንት ጆንያ ከሰል እንደሚወጣው አሰላሁ። መጨረሻ ላይ የወጣው ዋጋ አንድ በግ አይገዛም። ደንግጬ እንደገና አሰላሁት። ያው ነው። ከጀርባዬ ሐጂ የሱቃቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። የጣቢያው ኃላፊ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ችግኝ ማፍላት የጀመሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ይኼ የሞተ ዛፍ ዋጋ ነው" አሉኝ። "አንተን የጠየቁህ ግን የሚተካውን ነው።"

"ያን የሚያህል ዛፍ ከየት ይገዛል፣ እትዬ?"

"አይገዛም። የምንገዛው ተነቅሎ ሊጸድቅ ከሚችለው ትልቁን ነው። የቀረውን ዕድሜ ይሞላዋል። ዕድሜውን ደግሞ ሰው ነው የሚጠብቀው። ና ተከተለኝ።"

ከመደቦቹ ጥግ ገዢ ያጡና እዚያው ያደጉ የድሬዳዋ ችግኞች ነበሩ። ከእኔ ቁመት ያልፋሉ። እትዬ አንዱን በእጃቸው ጨብጠው ወዘወዙትና፣ "ከዚህ ከበለጠ ሥሩ ይቆረጣል፤ ሥሩ የተቆረጠን ደግሞ የኛ ፀሐይ አይምረውም። በል ጻፍ" አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከአፈሩ ጋር በጆንያ ተጠቅልሎ የሚነሣ ዛፍ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ሥር ስለሚበጥስ፣ ጉድጓዱ ሰፍቶ እንዲቆፈርና አሸዋና ፍግ እንዲሞላ። ለምስጥ አመድ። ለፍየል የሽቦ አጥር። ዝናብ ከቆመ እስከሚመለስ በየሁለት ቀኑ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ለሦስት በጋ። እትዬ አንዱንም ነገር ለማስታወስ ቆም አላሉም። እጃቸውም እየቆፈረ፣ እየሞላ፣ እያጠረ አብሮ ይናገር ነበር።

"ዛፉን ሁለት ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

"ለምን ሁለት?"

"አንዱ ይሞታላ።"

ከዚያ ቀና ብለው ወደ መንገዱ አዩ። "እስኪያድግ እነዚያ ሳሉጎች የት ይቀመጣሉ? ራኩባም ጻፍ።" ራኩባ በእንጨትና በሣር የሚሠራ የጥላ ዳስ ነው።

"ካሳው ለሐጂ አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"ሐጂማ ሱቅ አላቸው፣ ጣራ አላቸው።"

እሑድ ረፋድ ላይ አብረን ሄድን። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከሐጂ ሱቅ ፊት ወንበር አስደርድረዋል። ጥላው ግን የለም። ፀሐዩ ገና ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እሳት ነበር። የመኪናው ባለቤት ሁሉንም በየተራ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ሳነብለት በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ዛፉን ገጭተናል፣ አልክድም" አለ። "ቤት ግን አላፈረስንም። ራኩባው ምን አገባው?"

አንዱ ሽማግሌ ወደ ሐጂ ዞረው፣ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሏቸው።

"እኔ እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ የሰሊጥ ደረጃ እለያለሁ" አሉ ሐጂ። "ይኼን ግን አልችልም። የዚችን እኅቴን ቃል ስሙ።"

እትዬ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ባለመኪናው ተመለከቱ። "ወንድሜ፣ ከተቀመጥን ወዲህ ወንበርዎን ስንት ጊዜ አነሡ?"

ሰውየው ወደ እግሩ አየ። ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር የቀረችውን ቀጭን ጥላ ሲከተል ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ግድግዳው ጋ ደርሷል። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ።

"እሺ፣ ራኩባውም ይሁን" አለ ማጅራቱን በመሐረብ እየጠረገ። "ሁለተኛውን ዛፍ ግን ለምን እከፍላለሁ?"

"አንደኛው ከጸደቀ የሁለተኛው ገንዘብ ይመለስልዎ። እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ።"

ተጻፈ። ሐጂ ደስ ብሏቸው፣ "እንግዲህ ስለ አላህ ብለሽ ውኃውንም አንቺው ታጠጪልኛለሽ" አሏቸው።

"ተክዬ እሰጥዎታለሁ" አሉ እትዬ። "ለሚያጠጣው ሰው ግን ደመወዝ ይቆረጥለት። በነጻ የሚጠጣ ዛፍ መጋቢት ላይ ይረሳል።" ሐጂ ከራሳቸው ኪስ ሊከፍሉ ተስማሙ።

ራኩባው በዚያው ሳምንት ተሠራ። ዛፉ ሐምሌ ላይ ተተከለ፤ መስከረምን ለምለም ሆኖ አለፈ፣ ጥር ላይ ደረቀ። እኔ ሰዉ ምን ይለን ይሆን ብዬ ስፈራ፣ እትዬ ዶማ ይዘው መጥተው በሐጂና በሳሉጎቹ ፊት ሥሩን ቆፍረው አወጡት። ምስጥ በልቶታል። "አመዱ በዚህ በኩል አልደረሰም። ስነሰንስ ቸኩያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ይሞታል ብለው ቀድመው አስጽፈው ነበር፤ በዚያ ማሳበብ ይችሉ ነበር። አላሳበቡም። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ እንደዚያ መናገር እስክለምድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛውን በቀጣዩ ሐምሌ ተከሉት። አመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ዙሪያውን ሲሞሉ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ይኸኛው ጸደቀ። አሁን የሱቁን ጣራ አልፏል፤ ከሥሩ አራት ሰው ይቀመጣል፤ አምስተኛው ራኩባው ውስጥ ይገባል። ባለመኪናው በሸሕዲ ባለፈ ቁጥር መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆምና በእግሩ መጥቶ ያየዋል።

አበባ ግን ገና አላወጣም። በቀደም እዚያው ቆመን ሐጂ፣ "መቼ ነው የሚያብበው?" ብለው እትዬን ጠየቋቸው።

"የፊተኛውን ስንት ዓመት ጠበቁት?"

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ረሳሁት" አሉ።

"ይኸኛውም ሲያብብ የጠበቁትን ዘመን ይረሱታል" አሏቸው እትዬ፤ ጎንበስ ብለውም የላላውን የአጥሩን ሽቦ ማጥበቅ ጀመሩ።