የኔታ በፍልሰታ የጠጡት እርጎ

ቡሬ ጤና ጣቢያ ረዳት ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ አቶ አለባቸው መርፌ እንዴት እንደሚቀቀል አሳዩኝ። ማዕረጋቸው ድሬሰር ነበር፤ አገሬው ግን ሐኪም ይላቸዋል። ከዓመታት በኋላ ባለቤቴ ሲሆኑ አንተ ማለትን በስንት መከራ ለመድኩ። ካለፉ ወዲህ እጄ ተመልሶ አንቱ እያለ ይጽፋል።

በጀመርኩበት ክረምት አንድ የቅኔ መምህር ታመው መጡ። የእግራቸውን ቁስል በእንክብል አዳንነው፤ ሆዳቸው ግን ተፈታ። የሩዝ ውኃ ብንሰጣቸውም አልቆም አለ። ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

አቶ አለባቸው ወደ ውጭ ጠርተውኝ፣ "እንዲህ ከቀጠለ እናጣቸዋለን። እርጎ ይጠጡ" አሉኝ።

የኔታ ሲሰሙ፣ "በፍልሰታ?" አሉ።

አቶ አለባቸው ማስረዳት ይወዱ ነበር። "እንክብሉ መጥፎውን ጀርም ሲገድል የሆድዎንም ደግ ጀርም አብሮ ፈጀው። እርጎ ውስጥ ዘመዶቹ አሉ።"

"እነዚህ ዘመዶች ነፍስ አላቸው?"

"አላቸው የኔታ፤ ሲጠጧቸውም በሕይወት ናቸው።"

የኔታ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እኔ ወተት ብቻ መስሎኝ። ለካ ሥጋም አለበት።"

"መድኃኒት ነው እኮ የኔታ" አልኳቸው።

"መድኃኒት ከሆነ በመርፌ ውጊኝ። በአፍ የሚገባ ምግብ ነው።"

"እርጎ በመርፌ አይሰጥም።"

"እንግዲያ ትምህርታችሁ ገና ነው።"

በማግስቱ ድምፃቸው ሰለለ። የንስሐ አባታቸውን አባ ጥበቡን አስጠራን። አባ ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ "ይጣፍጣል?"

አቶ አለባቸው በወይራ ስለታጠነ ቅል ማውራት ሲጀምሩ ክንዳቸውን ያዝ አደረግሁ። "ኮምጣጣ ነው አባ" አልኩ።

"እንግዲያስ ለመድኃኒት ይሁን። ከጣፈጣቸው ግን ጾሙ ፈርሷል። ፊታቸውን አይቼ እፈርዳለሁ።"

ከጎረቤት ጓዳ የሰነበተ፣ ጥርስ የሚያጠርስ እርጎ ለምኜ በመድኃኒት ጠርሙስ ገለበጥኩ። በማንኪያ ሰጠኋቸው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። አባ ጥበቡ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ይጨመርላቸው" አሉ።

በየቀኑ አባ እየመጡ ፊታቸውን ይመረምራሉ፤ እኔም እጨምራለሁ። ሆዳቸው ቀስ በቀስ ያዘ። አቶ አለባቸው፣ "እርጎው ነው" ይሉ ነበር። እኔ እንክብሉ ማለቁም የረዳ ይመስለኛል። በዚህ እስከ መጨረሻው ተከራክረናል።

ጾሙ ሲፈታ ትኩስ፣ የረጋ፣ ወይራ ወይራ የሚል እርጎ ይዤላቸው ቤታቸው ሄድኩ። ቀመሱና ቅሉን መለሱልኝ።

"ይኼ አያድንም ልጄ። የፊተኛውን አምጪልኝ።"

ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት ሕመምተኛው መድኃኒት የሚለው ምን ዓይነቱን እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ያልጠየቅሁትን ሰው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከአልጋው ሥር አግኝቼዋለሁ።