መድኑ መጣ

እኔ ሰው ማመን አይሆንልኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ወረታ ላይ ሱቅ ከፍቶ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ባሌ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል። መኪናችን ቆማ ሳለች የተመታች ዕለት እሱ "አላህ ያመጣው ነው" አለ፤ እኔ የጎረቤታችንን በር አየሁ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። ትንሽ የጭነት መኪና ገዝተን ከፎገራ ሜዳ ጤፍና ሽንብራ፣ ኑግም እየሰበሰብን ወደ ጎንደር እንጭን ነበር። ክረምት ከገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ እንኳን መኪና በቅሎም አይሻገረው። ስለዚህ የዓመት ጉርሳችን በበጋ ነው የሚገኘው። ያን ዓመት ዝናቡ ሊጥል ጥቂት ሲቀረው፣ የገዛነው እህል ገና በየገበሬው ጎተራ እንደተቀመጠ፣ በገበያ ቀን መኪናዋን ከሱቁ ጎን አቁመን ወደ ውስጥ ገባን። ስንወጣ የፊት መብራቷ ተንጠልጥሏል፤ ኮፈኗ ተጨራምቷል፤ ራዲያተሯ ተበስቶ ውሃው መሬት ላይ ይንዠቀዠቃል።

ገበያው ሙሉ ሰው ነበር። የሚገርመው ግን፣ ያን ቀን ገበያ የዋለ ሰው ጠፋ። ጨው ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ጎረቤታችንም "ሶላት ላይ ነበርሁ" አለ። ሶላቱ ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደረዘመ እንጃለት። መኪናዋን ከገዛን ጀምሮ ሰላምታው በግማሽ አፍ ሆኖ ነበርና ሆዴ እሱን ጠረጠረ።

"የሰው ወንጀል አትሸከሚ" አለኝ ባሌ።

"ወንጀሉን ተወውና መኪናዋን ማን ይጠግናታል?" አልሁት።

ለዚህ መልስ ነበረው። መኪናዋን ስንገዛ ኢንሹራንስ የሚሉት ውል ገብቶ ኖሯል። እኔ ያን ጊዜም አልወደድሁትም፤ መኪናዋ ደህና ሳለች ገንዘባችንን የሚበላ ሰው፣ ስትሰበር ይከፍላል ብዬ እንዴት ልመን? ባሌ ጎንደር ላለው ኩባንያ ሰው ልኮ አስነገረ፤ ለጠየቀውም ሁሉ "መድናችን ይመጣል" እያለ አወራ። ኢንሹራንስ የሚለው ቃል በወረታ ሰው አፍ አልገባ ብሎ ነበርና ከተማው ሁሉ መድኑ፣ መድኑ ይል ጀመር።

መድኑም መጣ። ጢሙ ገና ያላቆጠቆጠ፣ ኮት የለበሰ ልጅ እግር ነው፤ በመጠርጠር ግን እኔን ያስንቃል። ሻይ ብሰጠው መርዝ ያለበት ይመስል መጀመሪያ አሸተተው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና፣ "ይህ የቀንድ ነው የዶማ?" አለ።

"እኛ በምን እናውቃለን?" አለ ባሌ።

"እቤታችሁ ዶማ አለ?"

"ዶማ የሌለበት ቤት የት አለና ነው?" አልሁት።

ከዚያ ተቀምጦ ውሉን አስረዳን። አድራጊው ከታወቀ ኩባንያው መኪናዋን ቶሎ ያሠራልናል፤ ወጪውን አድራጊውን ከሶ ያስከፍለዋል፤ ገንዘብ ከሌለው ከብቱን አሽጦም ቢሆን ይወስዳል። አድራጊው ካልታወቀ ግን ራሳችን እንዳልሰበርናት ማስረጃ ማምጣት አለብን። "ማንን ትጠረጥራላችሁ?" አለ። የጎረቤታችንን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት፣ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ቆመው እጅ ነሱ።

የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው፤ ኑግ ሲሸጡልን አውቃቸዋለሁ። ባንድ እጃቸው ዘንጋቸውን፣ ባንዱ ቅቤ በቅል ይዘዋል።

"መድኑ መጣ ሲሉ ሰምቼ ነው" አሉ።

"እኔ ነኝ" አላቸው ልጁ።

ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙት ሲሉ አነሣቸው። "እግዜር ይስጥህ የኔ ጌታ። የኔው በሬ ነው። ለዘመዴ አውሼው ኖሮ ስመልሰው በገበያው አለፍሁ፤ ከሰው ወይፈን ጋር ተዋጋብኝና ቀንዱን ከመኪናዋ ላይ አሳረፈው። ደንግጬ ነድቼው ሄድሁ። ያየው ሰውም ለኔ አዝኖ ዝም አለ። መድን የሚሆነኝ ከወዴት አገኛለሁ ብዬ ስብሰለሰል፣ ይኸው አንተን አመጣልኝ።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በገጠር መድን ማለት፣ ሰው ተከሶ ሊታሰር ሲል "ስለሱ እኔ አለሁ" ብሎ የሚቆምለት ነው። በመኪናዋ ነገር የሚከሰሱት እሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ መድኑም የሳቸው ነው የመሰላቸው። ቅቤውንም ያመጡት ለሱ ነው።

ልጁ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ብዕሩን አወጣና፣ "ስንት በሬ አለዎት?" አላቸው።

"አንድ ጥማድ ነው፤ እሱና ጓደኛው። እሱን ካጣሁ አንዱን ብቻውን ምን አደርገዋለሁ? እርሻው ደርሷል። እንግዲህ አንተ አለህልኝ።"

ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። እኛ አንዲት ቃል ብቻ ከተናገርን መኪናዋ ትሠራለች፤ እህላችን ሜዳውን ውሃ ሳይውጠው ይወጣል። እኔ የሽማግሌውን ፊት ተንኮል ይኖርበት እንደሆን ብዬ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አናደዱኝ። አርፈው ቤታቸው ቢቀመጡ ምን ነበረበት?

"እሳቸው አይደሉም" አልሁ።

"ራሳቸው እየተናገሩ?" አለ ልጁ።

"አርጅተዋል፣ ይሳሳታሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የሳቸው በሬ አልነካትም።"

"ቅድም ሁላችንም ውስጥ ነበርን ብላችኋል።"

"አንድ አፍታ ወጣ ብዬ ነበር።"

ሽማግሌው "ኧረ የኔው..." ሊሉ ሲሉ ተቆጣኋቸው። "አንቱ ዝም ይበሉ። መድንዎ ባለበት እርስዎ አይናገሩም" አልኋቸው። ደንቡን ያውቁታልና ዝም አሉ።

"ታዲያ ማንን ይጠረጥራሉ?" አለኝ ልጁ።

ጎረቤታችን ከግድግዳው ማዶ ሲያስል ይሰማል። "ማንንም" አልሁ። ይህ ቃል ከኔ አፍ ሲወጣ ባሌም ሳይደነቅ አልቀረም። ቀና ብሎ አየኝና፣ "እኔም ማንንም" አለ።

"እንግዲያው ኩባንያው የሚጠረጥረው እናንተን ነው። ምንም አይከፍላችሁም" አለና ቦርሳውን ዘጋ። እንዳለውም አልከፈሉንም። ያን ክረምት መኪናዋ ሱቁ ጎን እንደቆመች ሥሯ ሣር በቀለ፤ እህላችንም በየጎተራው እርጥበት በላው።

ልጁ ሊወጣ ሲነሣ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ "እርስዎ የሚጠየቁበት ነገር የለም፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ" አላቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኛን ዞር ብለውም አላዩን። ቅቤውን በሁለት እጃቸው ለልጁ ሰጡና፣ "ለሰው እንደቆምህ፣ አንተም በክፉ ቀን ሰው አትጣ" ብለው መረቁት።

ልጁም ቅቤውን ተቀብሎ "አሜን" አለ።