ያልቀየርሁት ፊልትሮ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለቄሱም አልነገርሁም። በየዓመቱ በማስተስረያው ጾም ቀን ኃጢአቴን አንድ በአንድ ሳነሣ እዚህኛው ላይ ስደርስ እዘልለዋለሁ። አንተ የምታነበው ሰው የመጀመሪያው ሰሚዬ ነህ፤ የምነግርህም ስለማላውቅህና ስለማታውቀኝ ነው። ፊትህን የማየው ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ እወቅልኝ።

መካኒክ ነኝ። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ ጎረምሳ ነበርሁ፤ ናታኒያ ከሰፈርን በኋላ ትምህርቱ አልሆነልኝም፣ እጄ ግን ከሞተር ጋር ወዲያው ተግባባ። በኢንዱስትሪው ሰፈር አንድ ሙሳክ ውስጥ ተቀጠርሁ፤ ጋራዥን እዚህ አገር እንዲያ ነው የምንለው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የሰፈራችን ሽማግሌዎች መኪና ሁሉ የእኔ ነበር። የመኪናውን መመሪያ በዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም፣ ሌላ ሙሳክ ሲሄዱ እንታለላለን ብለው ይሰጋሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ግን አይሰጉም፤ የእኛ ልጅ ነው ይላሉ። ይህን ልብ በልልኝ። እንዳይታለሉ ነበር ወደ እኔ የሚመጡት።

አባ ፈረደ ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር። ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ፎቆች የአንዱ ጥበቃ ነበሩ፣ ሚስታቸው እቴ ዘነቡ ደግሞ ቅርባችን ባለችው ኤቨን የሁዳ ከተማ ሰው ቤት ታጸዳ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ የበዓል ምግብ ያልቀረብኝ በእቴ ዘነቡ ነው። መኪናቸው የጃፓን ስሪት፣ አውቶማቲክ፣ ያረጀች ናት። የዛሬ ዐሥር ዓመት ግድም ካምቢዮዋ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። መለኪያውን መዝዤ ዘይቱን ሳየው ጠቁሯል፤ ሽታውም የቃጠሎ ነው።

ለእንዲህ ያለ ካምቢዮ የሚደረገው የታወቀ ነው። ከሥር ያለውን የዘይት ገንዳ ታወርዳለህ፣ ፊልትሮውን ትቀይራለህ፣ ፋብሪካው ያዘዘውን ዓይነት ዘይት ትሞላለህ። ሌላ ዓይነት ዘይት አይሆንም። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ባለማወቅ ነው የሚል መውጫ የለኝም።

መለዋወጫ ሱቅ ስሄድ ሻጩ የመኪናዋን ወረቀት አሳየኝ አለ። ለዚያ ሞዴል ሁለት ዓይነት ፊልትሮ አለ፣ እንደ ስሪቷ ዓመት ይለያያል አለኝ። ወረቀቱን አልያዝሁም። ለአባ ፈረደ ብደውል ምን ይሉኛል ብዬ ኮራሁና፣ በዓይኔ አውቀዋለሁ፣ ያንኛውን ስጠኝ አልሁት። ዘይቱን ደግሞ ጭራሽ አልገዛሁም፤ ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባል ከሙሳክ የተረፈ ዘይት ነበረኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሕንፃችን ሥር መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ገባሁባት። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንዱ እጁ የተባረከ ነው ሲል ከመኪናዋ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ገንዳውን አወረድሁ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁ፣ አዲሱን ብገጥመው አንገቱ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለኝ። ገለባበጥሁት። ሌላኛው ነበር የሚያስፈልገው፤ ሻጩ የነገረኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ወጥቼ፣ ተሳስቻለሁ፣ ፊልትሮው ሌላ ነው፣ መኪናዋ እስከ እሑድ እንዲሁ ትቁም ማለት። ይኸው ነው። የሚቆጣኝ አንድም ሰው አልነበረም። አባ ፈረደ ምን ቸገረን ብለው እጄን አስታጥበው ቤታቸው ያስገቡኝ ነበር። እኔ ግን በእነዚያ ሰዎች ፊት ተሳሳትሁ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጠብሁት። ውስጡ ጨርቅ ያለበት ፊልትሮ በቤንዚን ታጥቦ አይጠራም፤ ይህንም አውቅ ነበር። መልሼ ገጠምሁት። ያንን የተረፈ ዘይት ሞላሁበት። መንሸራተቱ እንዳይታወቅ ከላይ አንድ ጣሳ የዘይት ማወፈሪያ ጨመርሁ። እንዲህ ያለው ጭማሪ ለጥቂት ቀን ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

አባ ፈረደ ጣሳውን አይተው መድኃኒት ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኋቸው፣ ደስ አላቸው። የአዲሱን ፊልትሮ ባዶ ካርቶንም አሳየኋቸው፤ ፊልትሮው በጨርቅ ተጠቅልሎ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ሲመለሱ መኪናዋ ልስልስ ብላ ትሄዳለች። መረቁኝ። አሜን አልሁ። በሚመጣው ሳምንት ትክክለኛውን ገዝቼ በሆነ ሰበብ እቀይርላቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፣ ቀለለኝም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከደቡቡ ከተማ ከቂርያት ጋት ስልክ ተደወለ። የእቴ ዘነቡ እናት ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጡ ደስ ይላቸዋል ተባለ። አንባቢዬ የእኛ ሰው ካልሆንህ ይህን ላስረዳህ። እኛ ዘንድ በስልክ ሞት አይነገርም፣ ሊሞት ነውም አይባልም። ትንሽ አሟታል ከተባለ ጫማህን ሳታስር ትወጣለህ። እኔም ሰማሁ፣ እኔም ገባኝ። ሊነሡ ሲሉ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። እቴ ዘነቡ ነጠላዋን እያጣፋች እንዲህ አለችኝ፦

«ወደ ሱዳን ስንወጣ ምሥጢር ነው ተብሎ እምዬን ሳልሰናበታት ነው የሄድሁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነው መጥታ ያገኘኋት። ሁለተኛ አይሆንብኝም።»

ያን ጊዜ ተዉ፣ በሌላ መኪና ሂዱ ማለት እችል ነበር። የሙሳኩን መኪና ልሰጣቸው እችል ነበር፣ ራሴ ላደርሳቸው እችል ነበር። በሩን ዘጋሁላትና በሰላም ግቡ አልሁ።

የዓርቡ መንገድ ተጨናንቆ ነበር፣ ሙቀቱም ብርቱ ነበር። ገና መንገዱን ሳያጋምሱ ካምቢዮው ለቀቀ። አባ ፈረደ መንገድ ዳር አቁመው፣ እቴ ዘነቡን መኪና ውስጥ ትተው ወረዱና ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፣ ያምኑኝ ነበርና።

«ልጄ፣ ጊሩ አልይዝ አለ። ሞኒት ልጥራ ወይ? ሰንበት ሳይገባ እንድንደርስ።»

ሞኒት ታክሲ ነው። ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ሞኒት ቢጠሩ ይደርሱ ነበር።

«አያስፈልግም አባ፣» አልሁ። «ትንሽ ይቀዝቅዝና በዝግታ ይንዱት። ያደርሳችኋል።»

ለምን እንዲህ አልሁ? ሞኒት ከጠሩ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ከቀረች ጎታች ይመጣል፤ ጎታቹ ወደ ሌላ ሙሳክ ይወስዳታል፤ እዚያ ሌላ መካኒክ ገንዳውን አውርዶ ያንን ፊልትሮ ያየዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በልቤ አለፈ። ስለ እቴ ዘነቡ እናት አሰብሁ? አሰብሁ። አላሰብሁም ብልህ ይቀለኝ ነበር። አሰብኋቸውና ከእኔ ስም በታች አስቀመጥኋቸው።

መኪናዋ ቀዘቀዘች፣ ጥቂት ሄደች፣ ቆመች። እንደገና ደወሉ። እኔም ያንኑ ቃል ደገምሁላቸው። የእቴ ዘነቡ የእህት ልጅ ከቂርያት ጋት መጥቼ ልውሰዳችሁ ቢላቸው፣ አያስፈልግም፣ መኪናዋ ታደርሰናለች ብለው እንደመለሱት በኋላ ሰማሁ። በመጨረሻ ስትቆም ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። እንደ እነሱ ላለ ሰው ሰንበት ከገባ መንገድ የለም፤ መኪና አይነካም፣ ስልክም አይነሣም። በእግራቸው በአቅራቢያው ወዳለ የገበሬዎች መንደር ገቡ፣ የማያውቋቸው ሰዎች አሳደሯቸው። እናትየዋ ሰንበት ጠዋት ዐረፉ። ዘነቡ መጣች ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉ። ሰንበት ሲወጣ ደወሉና ዘመዶች ሄደው አመጧቸው፤ እቴ ዘነቡም ሞቱን ያወቀችው ለቅሶውን ከደጅ ስትሰማ ነው።

እሑድ መኪናዋን እኔው በጎታች አስመጣሁ። ሌላ እጅ እንዳይነካት እኔው ከፈትኋት። ፊልትሮው በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ነበር። አውጥቼ ጣልሁት። ቀጥዬ ልብስ ቀየርሁና ለቅሶ ሄድሁ።

ለቅሶ ቤት የሟቿ ወንድም አባ ፈረደን በሰው ሁሉ ፊት ወቀሷቸው። ያቺን አሮጌ መኪና ይዘህ መውጣትህ ሳያንስ፣ ስትቆምብህ ንዳት ያለህ ማን ነው አሏቸው። ንፍሮ በእጄ ይዤ ነበር። አባ ፈረደ አዩኝ፤ ቀና ብለው አንድ ጊዜ ብቻ። «ማንም አላለኝ፤ እኔው በራሴ ነው» አሉ። ለምን እንዲያ አሉ? ሰው እንዳይሸሸኝ፣ እንጀራዬ እንዳይዘጋ ብለው ነው። ስለ ፊልትሮው ያውቁ ነበር? አላውቅም፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። አፌን ከፍቼ እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ንፍሮውን በላሁ።

ከዚያ ወዲያ አባ ፈረደ መኪና አልነዱም። እቴ ዘነቡ ትታቸው አልሄደችም፣ ምግባቸውን አላጓደለችም፤ ግን ሁለቱን አብረው ሲስቁ አላየሁም። መንገድ ሲሄዱ እሷ ቀድማ ትሄድ ነበር። አምና አባ ፈረደ ሞቱ። ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ፣ ማንም አልከለከለኝም።

በተዝካራቸው ቀን እቴ ዘነቡ አጠገቤ ተቀመጠች። «ደግ ሰው ነበር» አለችኝ። «ሞኒት እንጥራ ብዬ ብለምነው እንቢ ያለኝን ግን አልተውሁለትም። ሊሞት ሲልም በዓይኑ እየጠየቀኝ አልተውሁለትም።» ራሴን ነቀነቅሁ። እንደሚያጽናና ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

እናቷን ሳትሰናበት ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ባሏንም ሳትታረቅ ያስቀበርኋት እኔው ነኝ። ወጣት ነበርሁ አልል፣ ጎልማሳ ነበርሁ። አላወቅሁም አልል፣ አውቄ ነው። እስካሁን በሯን አላንኳኳሁም፤ ይህን መጻፌንም እንደ ድፍረት አትቁጠርልኝ፣ የእሷ በር ከቤቴ መንገድ ማዶ ነው። አንኳኩቼ ብገባ ግን የምለምናት ለእኔ ምሕረት አይደለም። ለአባ ፈረደ ነው። ሞኒት ሊጠሩ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ አያስፈልግም ያልኋቸው እኔ ነኝ።