በችጋር ዘመን የሰባችው ልጄ

በስልሳ ስድስቱ ችጋር ቆቦ ላይ የሰባ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የልጄ ወገብ ላይ ብቻ ነበር። ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ፣ አከርካሪዋ ላይ፣ ስትወለድም አብሯት የመጣ ጡጫ የሚያህል ለስላሳ እብጠት ነበረባት። አንድ እግሯም ጠማማ ነው። ችጋሩ ሁላችንንም ሲያከሳን፣ የልጅቱም ጎድን ሲያገጥጥ፣ ያ እብጠት ግን ንቅንቅ አላለም።

መንገድ ዳር ለተጎዱ ሕፃናት ዱቄት ይታደላል ቢባል እኔና ባለቤቴ ተሸክመናት ሄድን። መራጩ ሰውዬ በደጉ ቀን የከብት ነጋዴ ነበር። እኛ ሰንጋ ስንገዛ ወገቡን ነው የምንዳስስ፤ ፊቱን ማን ያየዋል? ሰውዬው ተሾመ እንጂ እጁ ከከብት ተራ አልወጣም። ሕፃኑን ሁሉ እያገላበጠ ወገቡን ይጨብጣል። አጥንት ካገኘ «ስጡት»፣ ሥጋ ካገኘ «ሂድ»።

የልጄን ሲጨብጥ ዓይኑ በራ።

«ይቺማ ሰብታለች! ምን እየቀለባችኋት ነው?»

«ጌታዬ፣ ሲፈጥራት ነው» አልሁት።

«አንተን ሲፈጥርህ ታዲያ ምነው ረሳህ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። በዚያ ረሃብ ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ። ከኋላችን ልጅ የታቀፈች ከሮቢት የመጣች ሴት ግን፣ «ኧረ ወላሂ፣ ፊቷን እይላት! ልታርዳት ነው እንዴ?» አለችው።

«ሻኛ ላለው ሁሉ ዱቄት የለኝም። ሂዱ!»

ባለቤቴ ንቅንቅ አላለችም። «ሰንጋ ከሆነች እንግዲያ ግዛት» ብላ ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠችበት።

ልጄም ሽንቷን ለቀቀችበት። የካኪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ። ሰውዬው ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ስጧቸው! ስጧቸውና ከፊቴ ዞር ያርጓት!»

ሽንቷን መቋጠር አትችልም ነበር። ኋላ፣ አገር ደህና ሲሆን ያየን ሐኪም፣ እብጠቱ ስብ መሆኑን፣ በማህፀን ሳለች ከሕብለ ሰረሰሯ ጋር ተጣብቆ መብቀሉን፣ እግሯም ሽንቷም በሱ ሰበብ መሆኑን ነገረን። ያን ቀን እኛ የምናውቀው የሕፃን ጎድን አይቶ ያልራራ ሰው ሱሪው ሲርስ መራራቱን ነው።

ዱቄቱን በባለቤቴ ነጠላ ላይ ገለበጡልን። ቋጥረን ልንነሳ ስንል የሮቢቷ ሴት የባለቤቴን ክንድ ያዘች።

«እህቴ፣ እስቲ ልጅሽን አውሽኝ» አለቻት፤ «የኔይቱ ትቋጥራለች።»